ሥዕልም ባዮሎጂም ለምትወዱ

ሥዕልም ባዮሎጂም የምትወዱ ልጆች፣ አንዱን ለመተው አትቸኩሉ። የሕክምና ሠዓሊነት፣ ማለትም ለሕክምና ትምህርት የሰውነት ክፍሎችንና በሽታዎችን መሳል፣ ሁለቱንም የሚፈልግ ሙያ ነው። አሜሪካ ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተምረዋል፤ ዛሬ በማስተርስ ደረጃ። ለመግባት የሳይንስ ኮርሶችና ጥሩ ፖርትፎሊዮ (የራስ ሥዕሎች ስብስብ) ይጠየቃል።

ኮምፒውተሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ እርሳስ ያዙ። ከሥጋ ቤት የበግ አጥንት ጠይቁ። ቀቅላችሁ አጽዱትና ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ ሳሉት። ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ይምጣ፤ ጉድጓዱና ጉብታው ጎልቶ ይታያል። ከፎቶ መገልበጥ ይህን አያስተምርም። ከዚያ ሥዕላችሁን ከአናቶሚ (የሰውነት አሠራር) መጽሐፍ ጋር አመሳክሩ።

ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ሽፍታ እንዴት እንደሚታይም መሳል ተለማመዱ። የናይጄሪያዊው የሕክምና ሠዓሊ ቺዲዬበሬ ኢቤ የጥቁር ጽንስ ሥዕል በ2021 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያነጋገረው፣ እንዲህ ያለ ሥዕል በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም ስለማይገኝ ነው።