መርፌው የቆመ ሬዲዮ እንዴት ይጠገናል

ሬዲዮው ይናገራል። ማዞሪያውን ስታሽከረክሩት ግን እንደ ልቡ ይዞራል እንጂ ቀዩ መርፌ ንቅንቅ አይልም። ጣቢያውም ያው ነው። እንዲህ የሆነ አሮጌ ሬዲዮ በየቤቱ ሞልቷል። ዳንቴሉን ለብሶ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ስትጠይቋቸው «እሱማ ከሞተ ቆየ» ይሏችኋል። አልሞተም። ውስጡ ያለች አንዲት ክር ተበጥሳ ነው።

የኛው ጃፓን ሰራሽ ነው፤ አያቴ የገዙት። ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን የሚሰሙት በእሱ ነበር። ዶይቸ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ አያቴ ይሉ እንደነበረው ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አልቀሩም። ዜና ሲጀምር ማንኪያ እንኳ አይንቀሳቀስም። በደርግ ጊዜ ደግሞ ድምፁን ቀንሰው፣ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈው ይሰሙ እንደነበር እማማ ትነግረናለች። መስታወቱ ላይ፣ «25 ሜትር» ከሚለው የሞገድ ምልክት ትንሽ ወደ ግራ፣ በእስክሪብቶ የነጠቧት ሰማያዊ ነጥብ አለች። «ጣቢያዬ» ይሏት የነበረው እሷን ነው። እሳቸው ሲያርፉ ሬዲዮው ለኔ ደረሰ። ክሩ የተበጠሰው በኔ እጅ ነው።

አራዳ አካባቢ ለሚሰራ አንድ ጠጋኝ ወሰድኩት። «ይሄንን ተወውና ብሉቱዝ ቦርድ ልግጠምልህ፣ ፍላሽም ያነባል» አለኝ። ፊቱ ሬዲዮ፣ ሆዱ ሌላ! ይዤው ተመለስኩ። ሦስት ጊዜ አበላሽቼው በአራተኛው ተሳካ። እናንተ በአንዴ ትገላገሉ ዘንድ የሰራሁትን ልንገራችሁ።

ከመክፈታችሁ በፊት

ድንጋዮቹን አውጡ። ገመድ ካለው ንቀሉ። የማወራው በድንጋይ ስለሚሰራ ትራንዚስተር ሬዲዮ ብቻ ነው። ያላችሁ በቀጥታ ከ220 ቮልት የሚሰራ ከሆነ፣ በተለይ ውስጡ አምፖል የሚመስሉ ብርጭቆዎች ያሉት ባለ ቫልቩ የድሮ ሬዲዮ ከሆነ፣ ለባለሙያ ስጡት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮቹ ውስጥ ሰው የሚጥል ኤሌክትሪክ ይቆያል።

ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ትንሽ ፒንሳ፣ ከፋርማሲ አልኮልና የጆሮ ጥጥ ይበቃል። ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ወረንጦ ነው፤ ያው እሾህ የምናወጣበት። የገዛሁት ፒንሴት ጫፉ ገና በመጀመሪያው ቀን ተጣመመ። ከቅዳሜ ገበያ ያመጣሁት የአንጥረኛ ወረንጦ ግን ክሩን እንደ ጣት ይይዘዋል።

ማዞሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ተስበው ይወጣሉ። እምቢ ካሉ በቢላ አትፈንቅሏቸው፣ ፊቱ ይላጣል። ከሥራቸው ቀጭን ጨርቅ አዙራችሁ ሁለቱን ጫፍ ሳቡ። ብሎኖቹን ሁሉ ፈትታችሁ ጀርባው ካልተላቀቀ አንድ ብሎን ድንጋይ ቤቱ ውስጥ ተደብቋል ማለት ነው። ሲላቀቅም ቀስ በሉ፣ የስፒከሩ ሽቦ አጭር ነው።

ድንጋይ ቤቱ

አመድ የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ። ድንጋይ ፈስሶ ነው። ልጅ ሆነን ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፣ በጥርሱ የሚነክሰውም ነበር። ለጥቂት ሰዓት ነፍስ ይዘራል፤ ግን አንዴ ያለቀ ድንጋይ ቆርቆሮው ራሱ ተበልቷል፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን መያዝ አይችልም። ሬዲዮ ውስጥ ስንረሳው እዚያው ይፈሳል።

የፈሰሰው አልካላይን ከሆነ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ጥረጉት። ተራው ርካሹ ድንጋይ ከሆነ ግን ፈሳሹ ራሱ አሲድነት ስላለው በውኃ የተለወሰ ቤኪንግ ሶዳ ነው የሚሻለው። ከዚያ በአልኮል አድርቁ። ብርጭቆ ወረቀት የምትጠቀሙ ከሆነ በስሱ። ነጩ ቅብ ከተገፈፈ ብረቱ በሳምንቱ ይዝጋል።

ድምፁን ከፍ ዝቅ ስታደርጉ ከተንኮሻኮሸ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች ኮንታክት ክሊነር የሚባል የሚነፋ ማጽጃ አላቸው። ማዞሪያው ሥር ባለችው ቀዳዳ ትንሽ ንፉና ሃያ ሠላሳ ጊዜ ከጫፍ ጫፍ አዙሩት። በቃ። ዘይት እንዳታስገቡ፤ አቧራ ይሰበስባል።

ክሩ

አሁን ወደ ዋናው ገባን። መጀመሪያ ሥራው ይግባችሁ። ማዞሪያው ጀርባ ቀጭን ዘንግ አለ። ክሩ በዘንጉ ላይ ሁለት ሦስቴ ይጠመጠማል። ከዚያ በትናንሽ መዘውሮች ላይ አልፎ ወደ ትልቁ መዘውር ይሄዳል። ትልቁ መዘውር የተቀመጠው ጣቢያ የሚመርጠው ቫሪያብል ካፓሲተር ላይ ነው። መርፌዋ ደግሞ መንገድ ላይ ክሩን ነክሳ ትሄዳለች። ስለዚህ አንድ ክር ሁለት ሥራ ይሰራል፤ ጣቢያ ይቀይራል፣ የት እንዳላችሁም ያሳያል። ሲበጠስ ሁለቱም ይቆማሉ።

የዘንጉ ቅጥነትና የመዘውሩ ትልቅነት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ካፓሲተሩ ከጫፍ ጫፍ የሚዞረው ግማሽ ዙር ብቻ ነው። በዚያች ግማሽ ዙር ውስጥ ዓለም ሁሉ ተጨናንቋል። ማዞሪያው ብዙ ዙር እንዲዞር በመደረጉ ነው አጭር ሞገድ ላይ ፀጉር በምታህል ልዩነት ጣቢያ የምንይዘው። እ.ኤ.አ. በ1958 ጀርመናዊው ዲዛይነር ዲተር ራምስ ለብራውን ኩባንያ የነደፉት ቲ3 የሚባል የኪስ ሬዲዮ አለ። ፊቱ ላይ የድምፅ ቀዳዳዎችና አንድ ክብ ማዞሪያ ብቻ ነው ያለው፤ ብዙዎች ከአይፖድ ጋር ያመሳስሉታል። ያምራል፣ አልክድም። እኔ ግን ረጅም መስታወትና የምትሄድ መርፌ ይሻለኛል። ክብ ላይ አያቴ ነጥባቸውን የት ያደርጓት ነበር?

ወደ ሥራው። ክሩ ገና ካልተበጠሰ፣ ከመንካታችሁ በፊት ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ከተበጠሰ ክዳኑን ከውስጥ ተመልከቱ፤ አንዳንዴ የክሩ መንገድ ተስሎ ይለጠፋል። ከሌለም መዘውሮቹ ላይ ክሩ ያጸዳው መስመር ይታያል፤ ሌላው ቦታ አቧራ ነው።

ምን ዓይነት ክር? እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። መጀመሪያ የሞከርኩት የእማማን ፈትል ነበር። ሳሎን መሐል ሬዲዮ በትኜ ክር ስዘረጋ አይታኝ «ምነው ልጄ፣ ልትሸምን ነው?» አለችኝ። ከዚያ ክሩን በጣቷ አሸት አድርጋ «ይሄ አልከረረም፣ ይለጠጥብሃል» አለች። አልሰማኋትም። በሁለተኛው ሳምንት ተለጠጠ። ክረምትም ስለነበር እርጥበቱ ጨረሰው። ቀጥሎ ነጠላውን፣ የሚያብረቀርቀውን የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ሞከርኩ። እሱ ደግሞ ዘንጉ ላይ ይንሸራተታል። ማዞሪያው ይዞራል፣ መርፌዋ ትቆማለች፤ ወደ መጀመሪያው በሽታ ተመለስን።

የሰራልኝ ከጎርጎራ የመጣ የመረብ ክር ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ መረብ የሚጠግኑበት የተጎነጎነ ቀጭን ናይለን። የተጎነጎነ ይሁን፣ ውፍረቱም ከድሮው ክር አይብለጥ። ዘንጉን በምትነካዋ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ደረቅ የዛፍ ሙጫ አሹበት። አዝማሪ የማሲንቆውን ጭራ ለምን በሙጫ እንደሚያሽ አስቡት፤ እንዲነክስ ነው። ክሩም ዘንጉን እንዲነክስ እንፈልጋለን። ሰም እንዳትቀቡ፣ ያንሸራትታል።

ትልቁን መዘውር ካፓሲተሩ እስኪዘጋ (ቅጠሎቹ እርስ በርስ ሙሉ በሙሉ እስኪገቡ) ድረስ ወደ አንዱ ጫፍ አዙራችሁ በፕላስተር አስይዙት። የክሩን አንድ ጫፍ መዘውሩ ውስጥ ባለው መንጠቆ እሰሩ፣ በስንጥቁ አውጡት። በመዘውሩ ዙሪያ፣ ከዚያ በትናንሾቹ መዘውሮች ላይ፣ ከዚያ ወደ ዘንጉ። ዘንጉ ላይ ሦስት ዙር ጠምጥሙ። ዙሮቹ ጎን ለጎን ይተኙ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ከወጣ ሲዞር ይተናነቅና ይበጠሳል። ባለፋችሁበት ሁሉ ክሩን በፕላስተር ቁራጭ ያዙት። ሦስተኛ እጅ ስለሌላችሁ ነው። ከዚያ ወደ መዘውሩ ተመልሳችሁ መጨረሻውን ስፕሪንጉ ላይ ታስሩታላችሁ። ስፕሪንጉ ግማሽ ያህል ይለጠጥ። ሙሉ በሙሉ ከተለጠጠ ማዞሪያው ይከብዳል፣ ካልተለጠጠ ክሩ ይላላል።

ግን ከማሰራችሁ በፊት አንድ ነገር። ጫፉን በወረንጦ ወጥራችሁ ያዙና ፕላስተሩን አንሱ። ማዞሪያውን ወደ ቀኝ አዙሩ። መርፌዋ የምትነክሰው ክር ወደ ቀኝ ሄደ? ካፓሲተሩ ሲዘጋስ ወደ ትንሹ ሜጋኸርዝ ሄደ? ከሄደ እሰሩ። እኔ ሳልሞክር አሰርኩ፣ በሱፐር ግሉ አጠበቅኩ፣ ዘጋሁት። ዘንጉ ላይ በተቃራኒው ጠምጥሜ ኖሯል። ወደ ቀኝ ሳዞር መርፌዋ ወደ ግራ ትሸሻለች። ሁለት ቀን እንደዚያው ሰማሁበት፣ ልለምደው። አልተለመደም። ከፍቼ ክሩን ቆርጬ እንደገና ጀመርኩ።

ቋጠሮው ላይ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ጨምሩ። ጠብታዋ ዘንጉ ላይ ከወደቀች ግን ሬዲዮው ለዘላለም አንድ ጣቢያ ነው።

መርፌዋን ማስተካከል

መርፌዋን በአያቴ ነጥብ ላይ አስተካክዬ፣ ሰማያዊዋ ነጥብ ላይ የጀርመን ድምፅ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ሹሹታ ብቻ። ትንሽ ገፋሁ፣ መለስኩ፤ በመጨረሻ አንድ ጣቢያ ሲገኝ መርፌዋን እዚያው አጣበቅኳት። ከዚያ የኤፍ ኤሙ ቁጥር ሁሉ ተዛባ። የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ሞገድ ይቀያይራሉ፤ የዛሬ 30 ዓመት የተነጠበች ነጥብ መለኪያ አትሆንም። ኤፍ ኤም ላይ አስተካክሉ። ቁጥሩን ደጋግሞ የሚናገር የከተማችን ጣቢያ ክፈቱ፣ መርፌዋን በክሩ ላይ አንሸራታችሁ ቁጥሩ ላይ አምጧት፣ በጥፍር ቀለም አጣብቁ። ጥፍር ቀለም የሚሻለው ከተሳሳታችሁ ስለሚላጥ ነው።

ይሄ የሚሰራው ኤፍ ኤሙ የኛን ሞገድ ከያዘ ነው። የኛ ከ88 እስከ 108 ነው። ለጃፓን ገበያ የተሰራ የድሮ ሬዲዮ ከ76 እስከ 90 ነው የሚይዘው። አንዳንድ ሶቭየት ሰራሽ ደግሞ ከ66 እስከ 74። ገበያ ላይ አሮጌ ሬዲዮ ስትገዙ መስታወቱን አንብቡ፤ የሚያምር ሳጥን ይዞ ዝም የሚል ከመግዛት ያድናችኋል።

ከመዝጋታችሁ በፊት ድንጋይ አስገብታችሁ ሞክሩ። አዳፕተር ከሆነ ቮልቱንም ፖዘቲቩ በየት በኩል እንደሆነም አረጋግጡ። አራት ድንጋይ የሚበላ ሬዲዮ 6 ቮልት ነው። የድሮ ጃፓን ሬዲዮዎች ብዙዎቹ መሐሉ ኔጌቲቭ ነው፤ አሁን የሚሸጠው አዳፕተር በአብዛኛው ተቃራኒው ነው። ይሄንን እንዴት እንዳወቅኩ አትጠይቁኝ። ሌላ ሬዲዮ ነበር።

ሲሰራ

አጭር ሞገድ ቀን ቀን በ16 እና በ19 ሜትር፣ ማታ በ41 እና በ49 ሜትር ይሻላል። ሜትሩን ወደ ሜጋኸርዝ ለመቀየር 300ን ለሜትሩ አካፍሉ፤ 25 ሜትር ወደ 12 ሜጋኸርዝ ይጠጋል። አንቴናው ላይ አምስት ስድስት ሜትር ሽቦ ብታስሩ ልዩነቱን ትሰማላችሁ። ሽቦው ውጭ ከወጣ ግን በክረምት መብረቅ ሲጀምር ንቀሉት። መካከለኛ ሞገድ ላይ አንቴናውን መምዘዝ ምንም አይጨምርም። የዚህ ሞገድ አንቴና ሬዲዮው ሆድ ውስጥ ያለ ጥቁር ዘንግ ስለሆነ ሬዲዮውን ራሱን አዙሩት። ዝንብ እንደወረረው ከጮኸ የስልክ ቻርጀሩንና የኤል ኢ ዲ አምፖሉን አጥፉ። እኛ ቤት ጥፋተኛው የጎረቤት አምፖል ነበር።

ነጥቧን አላጠፋኋትም። መርፌዋ ስታልፍባት እስካሁን ሹሹታ ነው።

እማማ ዳንቴሉን መልሳ አለበሰችው። እናንተም አልብሱት፤ ጠርዙን ግን ከስፒከሩ ላይ ወደ ኋላ እጠፉት። ጨርቅ መጀመሪያ የሚያፍነው ቀጭኑን ድምፅ ነው፣ ያኔ ዜና አንባቢው ጉንፋን የያዘው ይመስላል።