ሸዋ ሮቢት፦ አናቱ ቢጫ የሆነው ዘንባባ እንዴት አገገመ

ዘንባባው ቢጫ የሆነው በማዳበሪያ እጥረት ሳይሆን ዋልካ (ውኃ የሚይዝ ጥቁር ሸክላ) አፈር ውስጥ ጠልቆ በመተከሉ ነበር። ምልክቱን ልብ በሉ፤ የታችኞቹ ቅጠሎች አረንጓዴ ሆነው አዲስ የሚወጣው ብቻ ይገረጣል። ሥሩ አየር ሲያጣ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ከአፈሩ መሳብ ያቅተዋል። አሮጌው ቅጠል ብርቱካንማ ነጠብጣብ አውጥቶ ከጫፉ ቢደርቅ ግን ፖታሲየም ነው የጎደለው፤ ያኔ ቅጠሉን አትቁረጡ፣ አዲሱ የሚመገበው ከእሱ ነው።

አፈሩ ከግንዱ ዙሪያ በእጅ ተነሣ። የላይኞቹ ሥሮች የተገኙት 25 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ነው! አካፋ አታስጠጉ፤ የዘንባባ ግንድ አንዴ ከቆሰለ አይሽርም። የተከፈተው ጉድጓድ ውኃ እንዳያቁር ወደ ቁልቁለቱ ቦይ ተቀደደለት። ቀጥሎ የማሽላ አገዳ ተከትክቶ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጎዘጎዘ፤ ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ።

ውኃ ከማጠጣታችሁ በፊት 10 ሳንቲ ሜትር ጫር አድርጉ። አፈሩ እጅ ላይ ከተለጠፈ ቆዩ። ይህ ዛፍ የሚያድግበት እምቡጥ አናቱ ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ከበሰበሰ አይተርፍም።

የገረጣው ቅጠል ባይመለስ አትደንግጡ፣ ቀጥሎ የሚወጣውን ተመልከቱ። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ግን ሞቃት አገር ዘንባባ አትትከሉ፤ ውርጩ እምቡጡን ይገድለዋል።