ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሞተር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ጥገናው

የቤንዚን ሞተር ከሞቀ በኋላ የነዳጅ ፔዳሉ ሳይረገጥ መኪናው ቆሞ ሲሠራ፣ በአብዛኞቹ መኪኖች ዙሩ በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ባለው መካከል ጸንቶ መቆየት ይኖርበታል። ሚኒሞ በሚባለው በዚህ ሁኔታ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየርና ነዳጅ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በጉዞ ላይ የማይታወቅ ትንሽ ጉድለት እንኳ ጎልቶ ይወጣል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠውን)፣ ቀጥሎ ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨውን)፣ ቀጥሎ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨውን) እያለ በግምት ዕቃ ይቀይራል። ዕቃ ከመግዛት በፊት ግን መንቀጥቀጡ ምን ዓይነት እንደሆነ ጆሮ ሰጥቶ መለየት ይገባል፤ ዓይነቱ ከታወቀ የሚፈተሸው ቦታ በጣም ይጠባል።

መንቀጥቀጡ ምት ያለው ሲሆን

በአራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ይተኩሳል (ነዳጁን ያቃጥላል)። ዙሩ 750 ከሆነ አንዱ ሲሊንደር በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል መተኮስ አለበት ማለት ነው። እርሱ ሥራ ሲያቆም መኪናው በዚያው ልክ፣ እኩል በሆነ ልዩነት ይመታል፤ የጭስ ማውጫው ድምፅም ይቆራረጣል። ስካነር (ከመኪናው ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) ካለ ፒ0301 የሚለው ኮድ አንደኛውን ሲሊንደር፣ ፒ0302 ሁለተኛውን ያመለክታል፤ ፒ0300 ደግሞ ጉድለቱ በአንድ ሲሊንደር ላይ ያልረጋ መሆኑን ይናገራል።

ስካነር ከሌለና የኢንጀክተሮቹ ሶኬቶች በቀላሉ የሚደረስባቸው ከሆነ፣ ሞተሩ እየሠራ አንድ በአንድ እየነቀሉ መልሰው ይሰኩ። ጤነኛው ሲሊንደር ሲነቀል ዙሩ ይወርዳል፤ ሲነቀል ምንም ለውጥ የማያሳየው የታመመው ነው። ለዚህ ፍተሻ የካንዴላ ገመድ ወይም ኮይል መንቀል አይመከርም፤ ከፍተኛው ቮልቴጅ አደገኛ ከመሆኑም በላይ፣ ሳይቃጠል የሚወጣው ቤንዚን በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ካታሊስት (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል) አግሎ ያበላሸዋል።

ሲሊንደሩ ከታወቀ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው ኮይሉን ከሌላ ሲሊንደር ኮይል ጋር ያለዋውጡ። ጉድለቱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ እዚያው ከቀረ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፈትተው ይመልከቱ። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ የነዳጅ መብዛትን፣ በዘይት መራስ ደግሞ ወደ ሲሊንደሩ ዘይት መግባቱን ያሳያል። የጫፉ ክፍተት በብዙ መኪኖች ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትክክለኛው ልክ ግን የመኪናው መመሪያ የሚሰጠው ነው።

ኮይሉም ካንዴላውም ኢንጀክተሩም ደህና ሆነው ከተገኙ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ ሲያምቅ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካል። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ልኬቱ ከፍ ካለ የፒስተን ሪንግ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ቀለበት) አልቋል፤ ካልተለወጠ ቫልቩ ወይም የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ይጠረጠራል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ ጥርጣሬው በይበልጥ ወደ ጋስኬቱ ያመዝናል።

ዙሩ ከፍ ዝቅ ሲል

እዚህ ላይ ምት የለም፤ የዙር መቁጠሪያው መርፌ እየወጣ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ሞተሩ ይጠፋል። በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው መንስኤ ይኸኛው፣ በስንጥቅ የሚገባ አየር፣ ነው፤ የደረቀና የተሰነጠቀ አንድ ትንሽ ቱቦ ሙሉ የካንዴላና የኮይል ቅያሪ ሲያስደርግ አይቻለሁ። ቤንዚን በትክክል እንዲቃጠል ለአንድ እጅ ቤንዚን በክብደት 14.7 እጅ ያህል አየር ያስፈልገዋል። ከአየር መለኪያው በኋላ በስንጥቅ የሚገባ አየር ሳይቆጠር ስለሚያልፍ ድብልቁ ይሳሳል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ እየጨመረና እየቀነሰ ልኩን ያሳድደዋል።

ስካነሩ ላይ የነዳጅ ማካካሻው (ኮምፒውተሩ ድብልቁን ለማስተካከል የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ነዳጅ) በሚኒሞ ከ10 በመቶ በላይ ሆኖ፣ ዙሩ ወደ 2500 ሲደርስ ወደ ዜሮ ከተጠጋ አየር እየገባ ነው። በተቃራኒው ዙር ሲጨምር ማካካሻውም ከጨመረ የነዳጅ ፓምፑን፣ የነዳጅ ፊልትሮውንና የአየር መለኪያውን ይፈትሹ። ስንጥቁን ለማግኘት የሲሲታ ድምፅ ያዳምጡ፤ ከኤሌክትሪክ ሶኬቶች ርቀው በማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) መገጣጠሚያና በቱቦዎቹ ላይ ጥቂት ውሃ ሲረጩ ድምፁ ወይም ዙሩ ከተለወጠ ቦታው ተገኝቷል። ተቀጣጣይ ማጽጃ በጋለ ሞተር ላይ መርጨት እሳት ያስነሳል።

አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ካልተገኘ ስሮትል ቦዲውን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በክዳን የሚቆጣጠረውን ክፍል) ይክፈቱ። በክዳኑ ዙሪያ የተጋገረ ጥቁር ካርቦን ሚኒሞ የሚጠብቀውን ጠባብ የአየር መንገድ ይዘጋል። ለዚሁ በተሠራ ማጽጃና በንጹህ ጨርቅ ይጠረጋል፤ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ክዳን ግን በእጅ ተገፍቶ መከፈት የለበትም።

ዙሩ ጸንቶ መኪናው ብቻ ሲንቀጠቀጥ

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ፍሬን ተይዞ ማርሽ ውስጥ ሲገባ የሚንቀጠቀጥ፣ ወደ ነጻ ሲመለስ የሚረጋ ከሆነ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ነው። የተቀደደው ይቀየራል።

ቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ከእነዚህ ፍተሻዎች ሁሉ በፊት መንዳት ይቁም፤ ካታሊስቱ በዚያው ጊዜ እየተጎዳ ነው። ጥገናው ካለቀ በኋላ ኮዱን አጥፍተው ሞተሩ እስኪሞቅ በሚኒሞ ያቆዩት። ባትሪ ተነቅሎ ወይም ስሮትል ቦዲ ጸድቶ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሚኒሞውን እንደገና እስኪማር ዙሩ ለጥቂት ጊዜ ሊዛባ ይችላል፤ አንዳንድ መኪኖችም ለዚሁ የተለየ ማስተካከያ በስካነር ይፈልጋሉ።