ጀበናው ለምን ተጨማደደ? የጨርቅ ልጠፋ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ለእናቴ የምሠራውን ነገር በስልክ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ከላይ ትንንሽ ጨርቆች ተገጣጥመው፣ ከመሃል ጥጥ ገብቶ፣ ከታች ገበር ተደርጎለት፣ ሦስቱ ድርብ በስፌት የሚያያዝ ብርድ ልብስ ነው፤ ኩዊልት ይሉታል አልኳት። በጥሞና ሰማችኝና «ታዲያ ድሪቶ አትይኝም!» አለች። «አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ድሪቶ ትደርቻለሽ?»

አልተሳሳተችም፤ ልዩነቱ እኔ ሳይቸግረኝ መደረቴ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ራት ከተበላበት ጠረጴዛ ላይ ሳህኑ ሲነሳ የስፌት መኪናዬ ይቀመጣል፣ ለቁርስ ደግሞ ይነሳል። ከሥራው ሁሉ የምወደው ልጠፋውን ነው፦ ከአንዱ ጨርቅ ቅርጽ ቆርጦ በሌላው ላይ መስፋት። የሚለጠፈውን «ልጥፍ»፣ የሚለጠፍበትን «መደብ» እያልኩ እቀጥላለሁ። መለማመጃዬ ጀበና ነው። ሆዱ ወደ ውጭ የጎበጠ፣ አንገቱ ወደ ውስጥ የገባ፣ መቅጃው ሹል፣ ጆሮው ቀጭን ስለሆነ የልጠፋ ፈተና ሁሉ አንድ ጀበና ላይ ይገኛል።

ስሰፋና ስፈታ በኖርኩባቸው ዓመታት የተማርኩት አንድ ነገር አለ፦ ጉድለቱ የሚታይበት ቦታና የተፈጠረበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ሲሰፋ የሚታየው ሲቆረጥ የተበላሸ ነው፤ ሲታጠብ የሚታየው ደግሞ ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት። ስለዚህ መርፌውን ከመውቀስዎ በፊት አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሂዱ።

መደቡ በልጥፉ ዙሪያ ይጨማደዳል

ጀበናው ደህና ተኝቷል፤ ዙሪያው ያለው ጨርቅ ግን እንደ ፈላ ወተት ሽፋን ተሸብሽቧል። መጀመሪያ ሥራውን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። ክሩ እንደ ክራር ጅማት ከተወጠረ ጥፋቱ የእጅዎ ነው። የተሸበሸበውን ስፌት ቆርጠው ይፍቱና እንደገና ይስፉት፤ በካውያ ይስተካከላል ብለው አይድከሙ፣ ካውያ ሽብሽቡን ያደርቀዋል እንጂ አይፈታውም። ሲሰፉ ክሩን የሚስቡት ከዓይን እስኪሰወር ብቻ ይሁን። በየአራት አምስት ስፌቱ ጨርቁን በጣትዎ ወደ ጎን እየዳበሱ ያለስልሱት።

ጀርባው ላይ ክሩ ዘና ብሎ ከታየ ወደ ድርና ማግ፣ ማለትም ወደ ጨርቁ የቁመትና የአግድም ክሮች፣ ይሂዱ። ጨርቅ በድሩ በኩል ሲስቡት ብዙም አይላላም፣ በማጉ በኩል ትንሽ ይላላል፣ በሰያፍ ሲስቡት ግን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። መደቡ ድሩ ቁልቁል ሆኖ ልጥፉ በሰያፍ ከተቆረጠ፣ አንዱ ሲለጠጥ ሌላው ባለበት ይቆማል፤ መጨማደዱ ከዚያ ይመጣል። ጨርቅ ለመቆጠብ ስንል ቅርጹን በተገኘው ማዕዘን አጣመን ስንቆርጥ የምንከፍለው ዋጋ ይህ ነው። መፍትሄው የልጥፉን ድር ከመደቡ ድር ጋር በአንድ አቅጣጫ አስተኝቶ መቁረጥ ነው።

ሥራው ገና ሳይታጠብ ደህና ከነበረና ከታጠበ በኋላ ከተኮማተረ ደግሞ ምክንያቱ አንደኛው ጨርቅ አስቀድሞ ታጥቦ ሌላው አለመታጠቡ ነው። ያልታጠበ ጥጥ ውሃ ሲነካው ያጥራል። ይህ ከሆነ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም፤ «እንዲህ እንዲሆን ፈልጌ ነው» ማለት ይቻላል፣ እኔም ብያለሁ። ለወደፊቱ ሁሉንም ይጠቡ ወይም ሁሉንም ሳያጥቡ ይስፉ።

ጥለቱ ጠርዝ ጠርዙን ይተረተራል

እኛ አገር የተለመደውን ጨርቅ ይዘን ወደዚህ ሥራ የገባን ሰዎች ልዩ ችግር ይህ ነው። ያረጀ የሐበሻ ቀሚስ አለ፣ ነጠላው ተበጣጥሶ ጥለቱ ገና አዲስ ነው፤ መጣል አይቻልም። ቆርጬ ልለጥፈው ስል መቀሱ ገና ሳይወጣ ጫፉ ይበተናል።

ምክንያቱ ሽመናው ነው። ለኩዊልት የሚሸጠው የፋብሪካ ጥጥ ክሩ ተጠጋግቶ የተሸመነ ስለሆነ ወደ ውስጥ ለማጠፍ ስድስት ሚሊ ሜትር፣ እጁ ለለመደ ከዚያም ያነሰ ትርፍ ጠርዝ ይበቃዋል። የእጅ ሽመና ግን ሳሳ ያለ ነው፤ ማጉ ሲቆረጥ ድሩን የሚይዝለት የለም። የፋብሪካውን ጨርቅ መመሪያ ለሽማ መጠቀም ነው ስህተቱ።

ስለዚህ ሳይቆረጥ በፊት በጀርባው በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ስስ ገበር ይለጥፉበት፣ ከዚያ ይቁረጡ፣ ትርፍ ጠርዙን ደግሞ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ያድርጉት። ካውያው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥለት ውስጥ የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር ብዙ ጊዜ አለ፤ ለጥጥ በሚሆን ሙቀት ይኮማተራል፣ ይቀልጣልም። ከጫፉ በቆረጡት ቁራጭ ይሞክሩ፣ ከላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት፣ ሙቀቱን ዝቅ ያድርጉ። አስቀድሞ ተለጥፎ መተርተር የጀመረውን ጠርዝ ደግሞ በሰያፍ በተቆረጠ ቀጭን ጨርቅ ሸፍነው ይቀምቅሙት፤ እንደ ጌጥ ይቆጠራል እንጂ ማንም ጥገና አይለውም።

የግል አስተያየቴን ልጨምር፦ ጥለት ለጀበና ሆድ አይሆንም። ቀጥ ብሎ የተሸመነ ነገር ነው፣ ቀጥ ብሎ ይተኛ። ረከቦቱን በእሱ ይሥሩ፣ ጀበናውን በጥቁር ጥጥ።

ሆዱ ማዕዘን አወጣ፣ አንገቱ ተበጣጠሰ፣ መቅጃው ደነዘዘ

ሦስቱም አንድ ችግር ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ወደ ውጭ የጎበጠ ጠርዝ፣ ማለትም ሆዱ፣ ክብ መሆን ሲገባው ትንንሽ ማዕዘኖች ካወጣ ትርፍ ጠርዙ በዝቷል ወይም በመቀስ ተነክሷል፣ ማለትም ጫፍ ጫፉ በትንሹ ተሰንጥቋል። እዚህ መንከስ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ የመቀስ ንክሻ አንድ ማዕዘን ይወልዳል። ትርፉን ወደ አራት ሚሊ ሜትር ያሳንሱና በመርፌው ጫፍ እየጠረጉ ያስገቡት። ከሚሰፉት አንድ ስፌት ብቻ ቀድመው ይጠፉ፤ ሩቅ አስቀድሞ ያጠፈ ሰው ማዕዘን ያገኛል። የወጣውን ማዕዘን የመርፌውን ጫፍ ከሥር አስገብተው እጥፋቱን በመበተን ማስተካከል ይቻላል።

ወደ ውስጥ የገባው አንገት ግን ካልተነከሰ በፍጹም አይታጠፍም። ወደ መስመሩ ቀጥ ብለው ይንከሱ፣ መስመሩን ሳይነኩ ሁለት ክር ያህል ሲቀር ይቁሙ። ጉብጠቱ ሲጠብቅ ንክሻው ይብዛ። ጥልቅ ከነከሱና ክር ብቅ ካለ፣ በመርፌ ጫፍ የተነካ ትንሽ የጨርቅ ሙጫ ያድርጉበትና እዚያ ቦታ ላይ ስፌቱን ያቀራርቡት።

መቅጃው የሚደነዝዘው ከሁለት ወገን የታጠፈው ጨርቅ ጫፉ ላይ ስለሚከመር ነው። አንዱን ወገን እስከ ጫፉ ድረስ ይስፉ፤ ጫፉ ላይ ሁለት ስፌት ደርበው ይቁሙ። ከሥር ብቅ ያለውን ትርፍ ቆርጠው ያሳንሱ፣ ጫፉን ወደ ታች ቀጥ አድርገው ይጠፉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ወገን ያስገቡ። ቸኩሎ ሹል መቅጃ የሠራ ሰው አላየሁም።

በካይሮ ባብ ዙወይላ ከሚባለው አሮጌ በር አጠገብ የድንኳን ሰፊዎች መንገድ አለ። ሥራቸው ይኸው ልጠፋ ነው፤ ጠርዙን በመርፌ እያጠፉ በወፍራም መደብ ላይ ይሰፋሉ። እጃቸውን ሲሠሩ ያየ ሰው እጥፋቱ ከስፌቱ ብዙም እንደማይቀድም ይገነዘባል።

ጆሮው የሚጣመምብዎ ከሆነ ጨርቁ በድሩ አቅጣጫ ስለተቆረጠ ነው። ሰያፍ መቆረጥ ያለበት እዚህ ነው፤ መደቡን ያጨማደደው መለጠጥ እዚህ ይጠቅማል። መጀመሪያ የውስጠኛውን ጉብጠት ይስፉ፣ የውጭው ወገን ራሱ ተለጥጦ ይተኛል።

ስፌቱ ይታያል፣ ክሩ ይተበተባል

የክሩ ቀለም ልጥፉን ይምሰል እንጂ መደቡን አይምሰል። በሁለት ቀለም መካከል ካመነቱ ጠቆር ያለውን ይምረጡ። መርፌው መደቡን የሚወጋው ከእጥፋቱ ከወጣበት ቦታ ትክክል ይሁን፤ ወደ ፊት የሚሄደው ከሥር ነው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል። ከላይ ወደ ፊት ከሄደ ሰያፍ ሰረዝ ሆኖ ይታያል።

ክሩም መርፌውም ቀጭን ይሁን። ቁጥሮቹ ግራ ያጋባሉ፦ የክር ቁጥር ሲበዛ ክሩ ይቀጥናል፣ ስለዚህ 60 ከ50 ይቀጥናል። የእጅ መርፌም ሲበዛ ይቀጥናል፤ ለልጠፋ 10 ወይም 11 ጥሩ ነው። የመኪና መርፌ ግን ተቃራኒ ነው፤ 70 ቀጭኑ፣ 90 ወፍራሙ። «ትልቁን ቁጥር ስጡኝ» ብዬ ጂንስ የሚወጋ መርፌ ገዝቼ ተመልሻለሁ።

መተብተቡ የሚመጣው ክሩ ሲረዝም ነው። ከ45 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። ሲጠመዘዝ ሥራውን ከፍ አድርገው መርፌውን ያንጠልጥሉት፤ ራሱ ዞሮ ይፈታል።

በመኪና ሲሰፋ ከጨርቁ ሥር ክር ይከመራል

ሁሉም ሰው የታችኛውን ክር ይወነጅላል። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የላይኛው ነው፦ ጨርቅ የሚጫነው እግር ወርዶ ሳለ ክር ከገባ፣ ክሩን የሚይዘው ማጥበቂያ ተዘግቶ ስለሚቆይ ክሩ በቦታው አይቀመጥም። እግሩን ከፍ አድርገው ከመጀመሪያው እንደገና ያስገቡ። ካልተስተካከለ መርፌውን ይቀይሩ፤ ስምንት ሰዓት ያህል የሠራ መርፌ ጡረታ ይገባዋል።

በጠርዙ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ዚግዛግ ሲሰፉ ጨርቁ መሃል ላይ እንደ ቱቦ ከተነሳ ከሥር ድጋፍ ጎድሎታል። ስስ ወረቀት ያስገቡ፣ የላይኛውን ክር ትንሽ ያላሉ፣ ሲጨርሱ ወረቀቱን ቀድደው ያውጡ። ጉብጠት ላይ ሲያዞሩ ደግሞ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተወጋ እግሩን አንስተው ያዙሩ፦ ለሆዱ መርፌው መደቡ ላይ፣ ለአንገቱ መርፌው ልጥፉ ላይ እያለ። ይህ ከተለዋወጠ በስፌቶቹ መካከል ክፍተት ይታያል።

በመኪና መለጠፍ ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። ሃሪየት ፓወርስ በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደች ሴት ነበረች። በ1885 እና 1886 ገደማ የሠራችው የመጽሐፍ ቅዱስ ኩዊልት፣ አዳምና ሔዋንን፣ ቃየንና አቤልን በልጥፍ የሚያሳየው፣ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል። ልጥፎቹ በእጅም በመኪናም የተሰፉ ናቸው። ችግር ሲጠናባት በአምስት ዶላር ነበር የሸጠችው።

ፊደሉ ተገለበጠ

ልጥፉን ከመደቡ ጋር በካውያ ሙቀት የሚያጣብቅ፣ ሙጫ ያለበት ወረቀት አለ፤ እሱ ላይ የሚሣለው ከጀርባ በኩል ስለሆነ ሲዞር ሁሉም ነገር እንደ መስታወት ይገለበጣል። ጀበና ቢገለበጥ መቅጃው ወደ ሌላ ወገን ይዞራል፣ ጉዳት የለውም። ፊደል ግን አይምርም። የእኛ ፊደል ደግሞ ተንኮለኛ ነው፦ «በ» እና «ሰ» ቢገለበጡም ያው ናቸው፣ አያሳብቁም፤ «ባ» ሲገለበጥ ግን «ቦ» ይሆናል፣ «ሳ» ደግሞ «ሶ»። ለአባቴ ትራስ ላይ «አባባ» ብዬ የጻፍኩት ተጣብቆ ሳየው «ቦቦ» የሚል ነገር ሆኖ ጠበቀኝ። ጽሑፉን መጀመሪያ በወረቀት ይጻፉ፣ ወረቀቱን መስኮት ላይ ገልብጠው ለጥፈው በብርሃኑ ይቅዱ። ከተጣበቀ በኋላ ከሆነ፣ ሙጫው እንደገና በካውያ ሲሞቅ ገና ትኩስ እያለ ይላቀቃል፤ ግን ፊደሉን እንደ አዲስ መቁረጥ የግድ ነው።

ቀይ ቀለም ወደ ነጩ ሄደ

ከሁሉ አስቀድሞ አያድርቁት፤ ማድረቂያ ውስጥም አይክተቱ፣ አይተኩሱም። ገና እርጥብ ሳለ በብዙ ውሃና በጥቂት የዕቃ ሳሙና ለሰዓታት ይዘፍዝፉት፣ ውሃው ቀለም መያዙን እስኪያቆም ድረስ እየቀየሩ። ሁሉም የፋብሪካ ጥጥ ከሆነ ሙቅ ውሃ ይሻላል፤ ሽማ ካለበት ለብ ያለ። ከመስፋት በፊት ግን ቀዩን ጨርቅ አርጥበው ነጭ ጨርቅ ላይ ይጫኑት፤ ቀይ ካተመ ገና ብዙ መታጠብ ይቀረዋል።

የጠፋው መስመር ተመልሶ መጣ

በካውያ ሙቀት የሚጠፋ ቀለም ያለው እስክሪብቶ አለ። ጀበናውን ሣልኩ፣ ሰፋሁ፣ ተኮስኩ፣ መስመሩ ጠፋ። ለስጦታ ያዘጋጀሁትን ጥር ላይ የምነዳት መኪናዬ ውስጥ አሳደርኩት፤ ጠዋት መስመሩ በሙሉ ነጭ ነጭ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ቀለሙ አልወጣም ነበር፣ ሙቀት ደብቆት ብርድ ገለጠው። እንደገና መተኮስ ይደብቀዋል። በውሃ የሚለቀው ሰማያዊ እስክሪብቶ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ሳይታጠብ ካውያ ካገኘው እዚያው ይቀራል። እኔ ወደ ልብስ ሰፊዎች ዘዴ ተመልሻለሁ፦ ያለቀች ስስ ደረቅ ሳሙና።

ትንንሾቹ

ከነጭ ልጥፍ ሥር ጠቆር ያለ መደብ ካሳበቀ፣ ሳይለጠፍ በፊት ከሥሩ ሌላ ነጭ ድርብ ይጨምሩ። ጣትዎን ወግተው ደም ጨርቁ ላይ ከነጠበ፣ ሙቅ ውሃ አያስነኩት፤ ወዲያውኑ በራስዎ ምራቅ ይሹት፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ። የራስዎ ምራቅ የራስዎን ደም ያስለቅቃል ይላሉ እዚህ ያሉ አሮጊት ሰፊዎች፤ እኔም ብዙ ጊዜ ሞክሬው ሠርቶልኛል፣ ብዙ ጊዜ እወጋለሁና።