ቁልፉ ትክክል ሆኖ ኤስኤፍቲፒ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ

ከኮምቦልቻው ቢሮ ወደ ደሴው ሰርቨር ማታ ማታ በኤስኤፍቲፒ (በኤስኤስኤች የተመሰጠረ ግንኙነት ፋይል መላኪያ) የሚላክ ፋይል ነው። በይለፍ ቃል ፋንታ የሚያስገባው የሕዝብ ቁልፍ (ፐብሊክ ኪይ) ወደ ሰርቨሩ በትክክል ተገልብጧል፤ ግንኙነቱ ግን የይለፍ ቃል መጠየቁን አልተወም። ላኪው ጋ የሚታየው «ፐርሚሽን ዲናይድ» (አልተፈቀደም) ብቻ ስለሆነ እዚያ መፈለግ ልፋት ነው፤ ምክንያቱ የተጻፈው ሰርቨሩ ሎግ (የክንውን መዝገብ) ውስጥ ነው። የተጠቃሚው ሆም (የግል) ፎልደር የፈቃድ ቁጥር 775 ስለነበር የቡድኑ አባላት ሊጽፉበት ይችላሉ። ግንኙነቱን ሰርቨሩ ላይ የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ኦፕንኤስኤስኤች፣ ደግሞ ሌላ ሰው ሊነካካው የሚችል ቁልፍ አያምንም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

የተስተካከለው እንዲህ ነው፦ ሆም ፎልደሩ 755፣ የኤስኤስኤች ፎልደሩ 700፣ የተፈቀዱ ቁልፎች ፋይሉ 600። ባለቤታቸውም ራሱ ተጠቃሚው ይሁን፤ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያሠራው ትእዛዝ) የተፈጠረ ፋይል የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ሆኖ ይቀራልና ልብ ይሏል። ፈቃድና ባለቤትነትን የሚያየውን ይህን ጥብቅ ፍተሻ ማጥፋትም ያስገባል፣ ግን አይመከርም።

ተጠቃሚው በክሩት (ከአንድ ፎልደር ውጭ እንዳያይ በሚያደርግ አጥር) ከታጠረ ነገሩ ይገለበጣል፦ የታጠረበት ፎልደር፣ ከሱ በላይ ያሉትም ሁሉ፣ የሩት መሆን አለባቸው፤ ቡድኑም አይጽፍባቸውም። ፋይል የሚጫንበት ለተጠቃሚው የተሰጠ ንዑስ ፎልደር ውስጥ ነው።

የይለፍ ቃል መግቢያው የሚዘጋው በሌላ መስኮት በቁልፍ መግባት ከተቻለ በኋላ ነው፤ አለዚያ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስኬደውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ሰርቨሩ ፊት መቀመጥ ይመጣል።