ናራሲምሃ ቤተ መቅደስ ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሕንድ፣ ቪዛግ፣ አንድራ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሐበሻ ብዙ ነው። ከከተማዋ ዳር ያለውን የሲምሃቻላም ቤተ መቅደስ ሳያይ የሚመለሰው ግን ጥቂት አይመስለኝም። ስሙ «የአንበሳው ኮረብታ» ማለት ነው። አንበሳ ሲባል የእኛ ሰው ሐሳቡ ወዲያው ወደ ይሁዳ አንበሳ ይሄዳል፤ ዝምድና የላቸውም። ናራሲምሃ የሂንዱዎቹ አምላክ ቪሽኑ በአራተኛው አቫታሩ፣ ማለትም ለአራተኛ ጊዜ ወደ ምድር ሲወርድ፣ የለበሰው መልክ ነው፦ ራሱ አንበሳ፣ ገላው ሰው።

የመጀመሪያው ስህተት ሲምሃቻላም ሄዶ የአንበሳ ፊት መፈለግ ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ። ረጅም ሰልፍ ጠብቄ ስገባ ያየሁት ቢጫ ጉብታ ነው። ምስሉ ዓመቱን ሙሉ በሰንደል ተሸፍኖ ይኖራል። ሰንደል ስንል እኛ የሚጨሰውን ዘንግ ነው የምናስበው፤ እዚያ ግን እንጨቱ ድንጋይ ላይ ከውሃ ጋር ተፈትጎ እንደ ሊጥ ይሆናል፣ ምስሉ በእሱ ይለበጣል። የሚገለጠው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ አክሻያ ትሪቲያ በተባለው በዓል፣ በፈረንጆቹ ሚያዝያ ወይም ግንቦት። መልኩን ማየት የፈለገ ያንን ቀን ይጠብቅ፣ ግፊያውንም ይቻል።

ሁለተኛው የበሩን ደፍ መርገጥ ነው። በየትኛውም የሂንዱ መቅደስ ደፍ ይታለፋል እንጂ አይረገጥም፤ እዚህ ግን ታሪክ አለው። ሂራንያካሺፑ የተባለ የአጋንንት ንጉሥ ከፈጣሪው አምላክ ከብራህማ ቃል ተቀብሎ ነበር፦ ሰውም አውሬም እንዳይገድለው፣ በቀንም በሌሊትም፣ በቤት ውስጥም በውጭም፣ በምድርም በሰማይም፣ በመሣሪያም እንዳይሞት። ልጁ ፕራህላዳ ግን የአባቱን ጠላት ቪሽኑን ያመልካል። አባትየው ተናዶ «አምላክህ የትም ካለ እዚህ ምሰሶ ውስጥም አለ?» ብሎ ምሰሶውን ሲመታው፣ ተሰንጥቆ ናራሲምሃ ወጣ። ጊዜው ቀንም ሌሊትም አይደለም፣ ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ንጉሡን ደፉ ላይ ወስዶ፣ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በጥፍሩ ዘለዘለው። ንጉሡ ውሉን እንደ ጠበቃ ነበር ያሰረው፤ ቀዳዳው የተገኘው ደፉ ላይ ነው።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሦስተኛውን ስህተት ይሠራል፤ ናራሲምሃን ሁሌ ቁጡ አድርጎ ማየት። የቪጃያናጋራ መንግሥት መዲና በነበረችው ሃምፒ ላይ በፈረንጆቹ 1528 በንጉሥ ክሪሽናዴቫራያ ዘመን ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ፣ 6.7 ሜትር የሚረዝም ሐውልቱ አለ። ዓይኑ የፈጠጠ ስለሆነ ብዙዎች «ኡግራ»፣ ማለትም ቁጡው ይሉታል። ከጀርባው በኩል ግን ያቀፈችው የሴት እጅ ቀርታለች። የሚስቱ የላክሽሚ ናት። ጭኑ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቪጃያናጋራ በ1565 ከተሸነፈች በኋላ በደረሰው ጥፋት እንደተሰበረች ይነገራል። እሷ ስትጠፋ ባል ቁጡ ተባለ። በዮጋ አቀማመጥ የተቀመጠ፣ ፕራህላዳን የሚባርክም ናራሲምሃ አለ።

አሆቢላምን በአንድ ጠዋት አዳርሳለሁ ማለትም አያዋጣም። ናላማላ ደን ውስጥ የተበታተኑ ዘጠኝ የናራሲምሃ መቅደሶች ናቸው። በታችኛውና በላይኛው አሆቢላም መካከል ብቻ 8 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ አንዳንዱ ጋ የሚደረሰው በእግር፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተዘለለ ነው። ምሰሶው የተሰነጠቀበት ነው የሚሉት ገደልም እዚያው ነው። ሁለት ቀን ይያዙ። በእጅ የተንጠለጠለ ምግብ ደግሞ የዝንጀሮ ነው።

የመጨረሻው የቅምሻ ነገር ነው። ቪጃያዋዳ አጠገብ ማንጋላጊሪ ኮረብታ ላይ ለናራሲምሃ የሚቀርበው ፓናካም ነው፤ ካልተጣራ የሸንኮራ ስኳር የተበጠበጠ ውሃ። ካህኑ በምስሉ አፍ ሲያፈስለት ጉርጉር የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የተረፈው ለሰው ይመለሳል። በቀኝ እጅ ነው የሚቀበሉት፣ ግራ እኛም ዘንድ ነውር ነው። ለጣዖት የቀረበ አልቀምስም የሚል ይኖራል፣ መብቱ ነው። ግን መዳፍዎ ላይ ከመፍሰሱ በፊት እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው አንገትዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ማንም አይቀየምም። ተቀብሎ ጥግ ላይ ማፍሰስ ነው የሚያስቀይመው።