የአያት የልደት ዘመን በየወረቀቱ ሲለያይ እንዴት ይጣራል?

የአያቴ የቀበሌ መታወቂያ የተወለዱት በ1925 ዓ.ም. ነው ይላል። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ያስሞላችላቸው ፎርም «ጃንዋሪ 1 ቀን 1930» ብሎ ተመዝግቧል። የቤታችን ዳዊት የመጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ «በዘመነ ማርቆስ፣ በአስተርእዮ ማርያም ተወለደ» ተጽፏል፤ ዓመተ ምሕረት የለውም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምዎ መሐል ላይ ያለውን ዓመት መርጠው አይለፉ፤ እያንዳንዱ ቀን እንዴት እንደተጻፈ ይጠይቁ።

መጀመሪያ ሁሉንም ሳይቀይሩ፣ እንደተጻፈ ይገልብጡ። የግዕዝ ቁጥር ከሆነ ፮ እና ፯ በእጅ ጽሕፈት ስለሚመሳሰሉ ፎቶ አንስተው አጉልተው ይዩ። ከጎኑ ማን፣ መቼ፣ ከማን ሰምቶ እንደጻፈው ያስፍሩ። የእኛ ነገር ግማሹ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። ቀበሌ የተቋቋመው በ1967 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ መታወቂያው የቱንም ያህል ማኅተም ቢበዛበት ከልደቱ ከ40 ዓመት በኋላ በግምት የተሞላ ነው። ዳዊቱ ላይ የጻፉት የአያቴ አባት ናቸው፤ ልጃቸው በተወለደ ሰሞን።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠሩን ይለዩ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ወደ አውሮፓውያን ለመቀየር 7 ዓመት ይደመራል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው (ከጳጉሜን 6 በኋላ በሚመጣው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ቀደም ይላል)። ብዙው ስህተት ዓመቱን ሙሉ 7 ወይም 8 ብቻ ከመደመር ይመጣል። የባሰው ግን የእኛን 1960 እንዳለ የፈረንጅ ፎርም ላይ መጻፍ ነው፤ ሰውዬው በአንድ ጀምበር 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል። በጣም የቆየ ጽሑፍ ላይ 7380 የመሰለ ቁጥር ካዩ ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠር) ነውና 5500 ይቀንሱለት፤ 1880 ይሆናል።

የአንድ ቀን ልዩነት ግን አያስጨንቅዎ። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ሆኖ በፈረንጅ ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። እነርሱ 1900ን እንደ ሠግር ዓመት (አንድ ቀን የሚጨመርበት ዓመት) ስላልቆጠሩት ነው።

አሁን ዳዊቱ ላይ ወዳለው ወንጌላዊ እንሂድ፤ እያንዳንዱ ዓመት በአራቱ ወንጌላውያን በተራ ይሰየማል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ያካፍሉ፦ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 1925 ቀሪው 1 ነው፤ ማቴዎስ እንጂ ማርቆስ አይደለም። በአካባቢው ያሉት የማርቆስ ዓመታት 1918፣ 1922 እና 1926 ናቸው።

ከሦስቱ አንዱን የሚመርጥልዎ የሰው ትዝታ ነው። አያቴ «ጣሊያን ሲገባ ጥጃ ጠባቂ ነበርኩ» ይሉ ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ ገጠሩን የያዘው በየቦታው በተለያየ ጊዜ ቢሆንም ልዩነቱ ብዙ አይደለም። በ1926 ቢወለዱ ገና እናታቸው ጀርባ ላይ ነበሩ፤ በ1918 ቢሆን በሬ እንጂ ጥጃ አይጠብቁም። 1922 ልክ መጣ። (ስለ ቅድመ አያት ሲሆን ግን «የትኛው ጣሊያን?» ብለው ይጠይቁ፤ የ1888ቱም አለ። «ክፉ ቀን» ሲባልም እንዲሁ፤ የ1880ዎቹን መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም ረሃብ እንዲህ የሚል ሰው አለ።)

ቀኑ ቀላል ነው፤ አስተርእዮ ማርያም ጥር 21 ናት። «በሚካኤል» ብቻ ቢል ኖሮ ግን 12ኛውን ቀን እንጂ ወሩን አናውቅም ነበር። በእጅዎ ያለው የክርስትና ቀን ከሆነ፣ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚነሱ ያን ያህል ወደኋላ ይቁጠሩ።

ጥር 21 ቀን 1922 ሲቀየር ጃንዋሪ 29 ቀን 1930 ይሆናል። የአክስቴ ፎርም ዓመቱን አልሳተም ማለት ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀኑ ለማይታወቅ ሰው በብዛት የሚሞላ ነው። ፓስፖርቱንና መታወቂያውን ለማስቀየር አልሄድንም፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። በቤተሰቡ መዝገብ ላይ ግን እንዲህ ጻፍኩ፦ «ጥር 21 ቀን 1922። ወንጌላዊውና ቀኑ ከዳዊቱ፣ ዓመቱ ከራሳቸው ቃል ተሰልቶ። መታወቂያቸው 1925 ይላል።»